እጅጌ አይታችሁ ተከተሉ

ያን ኮረብታ ስንይዝ ሃያ ዓመቴ ነበር። ሃያ እንደሞላኝ ያስታወስኩት ግን ኋላ ነው፤ እዚያ ሆኖ ዕድሜውን የሚቆጥር ሰው አላየሁም። ኮረብታው ስም ይኑረው አይኑረው አላውቅም። የአካባቢው ሰው ቀደም ብሎ ስለሸሸ የምንጠይቀው አልነበረም። እኛ «ራሰ በራው» እንለው ነበር፤ አናቱ ላይ ሣር እንኳ አልበቀለበትም። ድንጋይና አቧራ ብቻ። ከግራ በኩል ደረቅ ሸለቆ ይወርዳል። ከቀኝ በኩል ድሮ ገበሬ የካበው ረጅም የድንጋይ ካብ እስከ ኋለኛው ምሽጋችን ድረስ ይዘልቃል። ሸለቆውንና ካቡን ያዙልኝ፤ የምነግራችሁ ሁሉ በሁለቱ መካከል ያለቀ ነገር ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በቅርቡ ከሻሸመኔ ወደ አዳማ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ የሰማሁት ክርክር ነው። ባቱ ላይ አንድ ወጣት ወታደር ተሳፈረ። ደረቱ ላይ ውጊያ ያለፈ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አድርጓል። ከኔ ፊት የተቀመጠች ሽንኩርት ነጋዴ ዞር ብላ አየችውና አጠገቧ ላለው ባለመነጽር ሰውዬ፣ «ያምርበታል፤ ሰው ምን እንዳሳለፈ ይታወቅለት እንጂ» አለች።

«ምኑ ያምራል? የገደለበትን ደረቱ ላይ ለጥፎ መዞር ነው የሚያምረው?»

«አንተ ደግሞ። የገደለበት ማን አለህ? ያልሞተበት ነው።»

«ያልሞተ ሁሉ ምልክት ካደረገማ አንቺም አድርጊያ።»

«እኔማ ይገባኝ ነበር። ይሄን መንገድ ስንቴ ተመላልሼበታለሁ።»

ሰው ሳቀ። ልጁ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነበር፤ የሰማም አልመሰለም። ሴትየዋ ወደኔ ዞረችና፣ «እናቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ሞጆን አልፈን አዳማ እስክንገባ ድረስ ግን ራሰ በራው ላይ ነበርኩ።

እኔ የሕክምና ረዳት ነበርኩ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሠራዊት ስገባ፣ ፋሻ ማሰርና ደም ማቆም አስተማሩኝ። ጓዶቼ «ዶክተር» ይሉኝ ነበር፣ ለማብሸቅ።

የሻምበላችን አዛዥ መቶ አለቃ ደረጀ ይባላል። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ከሁለተኛው ውጊያችን በኋላ አንድ ነገር አመጣ። የሕክምና ዕቃ ታስሮበት የሚመጣ ቢጫ የጨርቅ ጥብጣብ ነበር። እሱን በጣት ርዝመት እየቆረጥን፣ አንድ ውጊያ ያለፈ አንድ፣ ሁለት ያለፈ ሁለት፣ በግራ እጅጌያችን ላይ እንድንሰፋ አዘዘን። «መስመር» አልነው። ከበላይ የመጣ ትእዛዝ አልነበረም፤ የኛ ሻምበል ብቻ ነገር ነው።

«ለጌጥ እንዳይመስላችሁ» አለን። «ተተኪ ልጆች ይመጣሉ። ማታ ደርሰው ጠዋት ይዋጋሉ። ስማችሁን አያውቁም። በተኩስ መሃል ማንን መከተል እንዳለባቸው ግን ማወቅ አለባቸው።»

አብዛኞቻችን ሰፋን። ለጌጥ አይደለም ቢባልም ጌጥ ሆነ። ሁለት መስመር ያለው ውሃ ሲቀዳ ቅድሚያ ይሰጠው ጀመር። ቀዝቃዛ ቀን እንኳ ሽርጡን በጃኬቱ ላይ የማይደርብ ነበር፣ መስመሩ እንዳይሸፈንበት። ልጆች ነበርን።

እምቢ ያለው አንድ ሰው ነው። አሥር አለቃ ቶሎሳ። የሁሩታ ገበሬ ልጅ ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፤ ከሌላ ክፍል ተዛውሮ ስለመጣ በውጊያም በአንድ ይበልጠናል። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ አለ። አዛዡ አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ፊቱ ቆመና፣ «አሥር አለቃ፣ እጅጌህ ባዶ ነው» አለው።

«እኛ አገር ምልክት የሚደረግበት በሬ ነው፣ መቶ አለቃ። እሱም ለገበያ ሲቀርብ።»

አዛዡ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘና አልፎት ሄደ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀውም። እኛ ቶሎሳን ለማወቅ እጅጌው አያስፈልገንም ነበር። ጭንቅ ሲመጣ ዓይናችን በራሱ ጊዜ እሱን ይፈልጋል።

ራሰ በራውን የያዝነው በሦስተኛው ውጊያ ነው። ከያዝነው በኋላ ወንድወሰን የሚባል ጓዳችን ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ በሞርታር ፍንጣሪ ሞተ። ጃኬቱ ላይ ሦስት መስመር ነበረው።

እዚህ ላይ የሻምበላችንን አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። ብርዱ ከባድ ነበር፤ ልብስ በሰዓቱ አይደርስም። የሞተ ሰው ጃኬቱ ደህና ከሆነ አይቀበርም፤ በጣም ለበረደው ይሰጣል። ብቻ መስመሩን አንነቅልም። የሟቹ ነው። እሱን መንቀል ሰውየውን ሁለተኛ መቅበር መስሎ ይሰማን ነበር። ማንም ተቀምጦ የወሰነው አይደለም፤ እንዲሁ እየሆነ ሄዶ ደንብ ሆነ።

የወንድወሰን ጃኬት ለከድር ደረሰው። ከድር የሻሸመኔ ልጅ ነው፣ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ። በኛ ሻምበል ወጥ ሠሪ ነበር። ቀጭን ስለሆነ ሲበርደው ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ከሩቅ ይሰማል። ታች ያበስልና፣ ሲመሽ በቅሎውን ጭኖ በግራው ሸለቆ በኩል ወደኛ ይወጣል። ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ የጠላት መትረየስ ሸለቆውን ስለሚያየው በቀን አይኬድበትም። ሲመሽ ግን አያየውም። ይህን ነባሮቹ ሁሉ እናውቃለን። ከድር ደግሞ በቀን ኮረብታው ላይ ሆኖ አያውቅም። የሱ መንገድ ሸለቆው ነው፤ ሌላ መንገድ አያውቅም።

ጃኬቱን ሲለብስ እጅጌውን አየና፣ «ይሄን መስመር ልንቀለው እንዴ? ወላሂ ሰው ይስቅብኛል» አለ።

«ተወው» አለው ቶሎሳ። «የወንድወሰን ነው። አንተ የተዋስከው ጨርቁን ነው።»

ከድርም ተወው።

ተተኪዎቹ ማታ ላይ ደረሱ። ዘጠኝ ናቸው። አቧራ ለብሰው ሁሉም አንድ ሰው ይመስላሉ። አንዱ ከሰልፉ ወጥቶ፣ «አስካለ?» አለኝ።

ሄኖክ ነው። የአክስቴ የጸዳለ ልጅ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ እኔና ሄኖክ በአንድ ፍራሽ ነው ያደግነው። እሷ ከሱ ሌላ የወለደችው የለም።

«አንተ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«አንቺስ?»

«እትዬ ታውቃለች?»

«አሁን ሳታውቅ አትቀርም» አለና መሬት መሬት አየ።

አልተቆጣሁትም። ያለኝን ኮቾሮ ሰጠሁት፤ ያን ደረቅ ብስኩት ድንጋይ የሚያክለውን እየነከሰ ሳቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለኔ ጦርነቱ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይሄን ልጅ ለእናቱ መመለስ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም ብል አልዋሸሁም።

አዛዡ አዲሶቹን ሰብስቦ በዚያ ዝቅተኛ ድምፁ ተናገራቸው። «ብዙ ነገር ላስተምራችሁ ጊዜ የለኝም። ግራ ሲገባችሁ እጅጌ እዩ። ብዙ መስመር ያለው ብዙ ያየ ነው። እጅጌ አይታችሁ ተከተሉ።»

ከዚያ ከድር ምስሩን ይዞ ደረሰ። ጭልፋውን ይዞ አዲሶቹ መሃል ሲገባ ዓይናቸው ሁሉ እጅጌው ላይ አረፈ። ሦስት መስመር። አንዱ ልጅ ተነስቶ ቆመለት።

«ቁጭ በል፣ ቁጭ በል» አለው ከድር፣ እንደ ኮሎኔል። «ሦስት ውጊያ ነው ያየሁት። አንደኛው ከምስር ጋር። ሁለተኛው ከእርጥብ እንጨት ጋር። ሦስተኛው ከዚህ ከአሥር አለቃ ቶሎሳ ጋር ነው፣ ጭማሪ ስጠኝ ብሎ።»

«ሦስተኛውን ተሸንፈሃል» አለ ቶሎሳ ሳህኑን እየዘረጋ።

እኛ ሳቅን። አዲሶቹም ሳቁ። ብዙ ያየ ሰው ስላየው አይናገርም የሚባለውን ሰምተው ኖሮ፣ ነገሩ ትሕትና መሰላቸው። ይሄንንም ያወቅሁት ኋላ ሄኖክ ሲነግረኝ ነው።

ሄኖክን ወደ ዳር ሳብኩትና ቶሎሳን አሳየሁት። «ያንን ሰውዬ ታያለህ? ከሱ አትለይ።»

«ድስቱን የሚጠርገውን? እሱ ወጥ ሠሪ አይደለም እንዴ?»

«አሥር አለቃ ቶሎሳ ነው። የምልህን ስማ።»

«ኧረ ተይ፣ አስኩ። አንድ እንኳ የለውም እኮ።»

ልመልስለት ስል ከታችኛው ምሽግ «ዶክተር» ብለው ጠሩኝ። ትኩሳት የያዘው ሰው ነበር። ሄድኩ።

በዚያን ማታ ከድር አልተመለሰም። በቅሎዋ እግሯን ድንጋይ መታት፤ እያነከሰች ወደ ታች አትሄድም። እዚያው እኛ ጋ አደረ።

ጎህ ሲቀድ ጠላት ጀመረን። መጀመሪያ መድፍ። ከዚያ ሞርታር። ምድሩ ከሥራችን ይነሳና ተመልሶ ይቀመጣል። አቧራው ነጭ ነበር። ጆሮዬ ጠፋ፤ ከዚያ ተመለሰ። የመገናኛው ልጅ ከነሬዲዮኑ ተመታ። መቶ አለቃ ደረጀ ጭኑን ተመታ። ደሙን አስሬ አቆምኩት። ወደ ኋለኛው ምሽግ እንድንለቅ አዘዘ። ትእዛዙን የተቀበሉት አጠገቡ የነበሩት ናቸው፤ ለሌላው በአፍ ነው የደረሰው።

ቶሎሳ የካቡ ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ነበር። እጁን ያወዛውዛል። «ኑ፣ ኮታ፣ ኑ፤ በዚህ፣ በካቡ ሥር።» ነባሮቹ በሱ አጠገብ እያለፉ ጎንበስ ብለው ሄዱ።

አዲሶቹ በመሃለኛው ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። ከአቧራው ውስጥ ብድግ አሉ። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ። አንድ ሰው በባዶ እጅጌ ይጠራቸዋል። ሌላው፣ ሦስት መስመር ያለው፣ ከጎናቸው ተነስቶ ወደ ግራ ይሮጣል። ከድር ነው። «መንገዱ በዚህ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። አልፈራም፤ ልጆቹን ሊያወጣ ነበር። የሚያውቀውን መንገድ ነው ያሳያቸው።

እኔ የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ይዣለሁ። አዛዡ ላዩ ላይ ነው። ከኋላ የያዘው ሰው ወደቀ። ቀና ስል ሄኖክ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ግራ አንድ እግሩን አንስቷል።

«ሄኖክ፣ ቃሬዛውን ያዝ» አልኩት።

ቤት ውስጥ «ባልዲውን ያዝ» እንደምለው ነው ያልኩት። ዞረና ያዘ። ሁለት አዲሶች ጓደኞቹ እሱን አይተው ተከተሉት። በካቡ ሥር ወጣን።

መትረየሱ ሲጀምር ወደ ኋላ አላየሁም። ረጅም አልነበረም። ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ ትንሽ ቆየና አንድ ጊዜ ደገመ።

ከቀትር በኋላ ከጎናችን ያለው ሻምበል መጥቶልን ራሰ በራውን መልሰን ያዝን። ሸለቆው ውስጥ ሰባት ሰው አገኘን። ከድርና ስድስት አዲሶች። ተከታትለው ነበር የወደቁት፣ በመስመር፤ ማንም ከማንም አልራቀም። የስድስቱን ስም ሬሳውን ሳነሳ ነው የተማርኩት፣ ከኪሳቸው መታወቂያ። ሄኖክ አብሮኝ እያነሳ ነበር። አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም። ውሃ ጠማኝ፤ ጠጣሁ። ውሃው ጣዕም አልነበረውም።

ሲመሽ ምግብ የሚያመጣልን ሰው እንደሌለ ትዝ አለን። ኮቾሮ በላን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ምሽግ ውስጥ ክርክር ተነሳ። አዛዡ ወደ ኋላ ሆስፒታል ተልኳል። አንዱ ጓዳችን ምላጭ አውጥቶ መስመሩን ከእጅጌው መንቀል ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ልጆቹን የፈጀው ይሄ ነው። ነቅዬ እጥለዋለሁ።»

«የፈጃቸው መትረየስ ነው፣ አንተ ሰው።»

«ወደ መትረየሱ ማን ወሰዳቸው ታዲያ?»

«ይሄ ባይኖርስ? ማንን ይከተሉ ነበር? እንደ በግ ይበተኑ ነበር።»

«ቢበተኑ ግማሹ ይተርፍ ነበር።»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሁሉም ቶሎሳን አየው። ቶሎሳ ቆሎውን እያሸ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ጃኬቱን አውልቆ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «ዶክተር፣ መርፌ አለሽ አይደል? ስፊልኝ።»

«ምኑን?»

«ያንን ቢጫውን። አምስት፣ የትናንቱን ጨምረሽ።»

«አልፈልግም ስትል አልነበር?»

«አሁንም አልፈልግም።»

«ታዲያ?»

«ስጠራቸው ሰምተውኛል» አለ። «አንዱማ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። እጅጌዬን አየና ዞረ።» ጥብጣቡን አቀበለኝ። «እኔ ማድረጉ ኩራት ነው ብዬ ነበር። አለማድረጉም ኩራት ነው ለካ።»

አምስቱን ሰፋሁለት። መርፌው ወፍራም ጨርቅ አልበሳ ብሎኝ ስታገል፣ «ቁስል ስትሰፊም እንዲህ ነው የምትጎትቺው?» አለኝ። ለብሶት ሲወጣ ከምሽጉ ውስጥ አንዱ፣ «ሙሽራው ወጣ» አለ። ቶሎሳ፣ «ሚዜ ልሁን የሚል ይምጣ» ብሎ አለፈ። ያን ቀን የተሳቀው ያ ብቻ ነው።

ሄኖክ ከዚያ በኋላ ከሱ ተለይቶ አያውቅም። ሲበላ አብሮት ይበላል። ቶሎሳ የሁሩታን ስንዴ ሲያወራ ይሰማል፤ አውድማው እንዴት እንደሚለቀለቅ፣ የትኛው በሬ ቀንበር እንደሚጠላ። ማታ ማታ «ነጋ ቡሊ»፣ ደህና እደር፣ ይለዋል፤ እሱም «ነጋ» ይላል። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር ሌሎች ተተኪዎች መጡ። ቶሎሳ ፊታቸው ቆመ። ምን ብሎ እንደሚጀምር የቸገረው ይመስል ነበር። «እጅጌ እዩ ተብላችኋል መሰለኝ» አለ። «ይሄውላችሁ እጅጌው። አሁን ደግሞ ፊቴን እዩት። ቶሎሳ እባላለሁ። ድምፄ ይሄ ነው።»

ከጥቂት ቀን በኋላ እኛ አጠቃን። ማለዳ፣ ጭጋግ ነበር። ቶሎሳ ከፊት፣ ሄኖክ ከኋላው፣ አዲሶቹ ከሄኖክ ኋላ። ወረድን። ሜዳውን አቋረጥን። መትረየሱ ያለበትን ምሽግ ደረስንበት፤ በቦምብ ዘጋነው። ከአዲሶቹ አንድም አልሞተም። ከነባሮቹ ሦስት ሞቱ። ቶሎሳ አንዱ ነው።

ስደርስለት በሕይወት ነበር። የተመታው ደረቱን ነው። እጄን ይዞ፣ «ልጆቹ?» አለ። «አሉ» አልኩት። «ሁሉም?» «ሁሉም።» ከዚያ ሌላ አልተናገረም። ቃሬዛ ሲመጣ ሞቶ ነበር።

አምስት መስመር ስላየ ነው አልሞ ተኳሽ የመታው ያሉ ነበሩ። እኔ አላውቅም። ጭጋግ ነበር። ፊት የሄደ ሰው መስመር ኖረውም አልኖረውም ፊት ነው። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ።

ጃኬቱ የተበሳው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ ይለበስ ነበር። ዝናብ ነው፤ ብርድ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ልጅ አጠገባችን ቆሟል። ማንም ጃኬቱን አልጠየቀም። ከነጃኬቱ ቀበርነው።

ከራሰ በራው ያልተመለሱትን ልቁጠርላችሁ። ወንድወሰን፣ ውሃ ሲቀዳ። የመገናኛው ልጅ ፍቃዱ፣ ከነሬዲዮኑ። የቃሬዛውን ኋላ ይዞልኝ የነበረው ተሾመ። ከድር። ከድርን የተከተሉት ስድስቱ፦ አብዲ፣ ሙሉቀን፣ ጌታሁን፣ ዳንኤል፣ ሌላው ሙሉቀን፣ አለኸኝ የሚባል ልጅ። ከዚያ በኋላ ኢብሳ፣ ካሣ፣ ቶሎሳ። አሥራ ሦስት። በሌላ ምሽግ የሞቱ አሉ፤ እነሱን ያየ ይቁጠራቸው። እኔ በእጄ ያነሳኋቸውን ነው የቆጠርኩት።

አውቶቡስ ውስጥ ለጠየቀችኝ ሴት አሁን መልስ ብሰጣት ምን እላታለሁ? ወታደር ያለፈበትን ቢያሳይ ነውር የለበትም እላታለሁ። ምልክቱ ለሱ አይደለም፤ ከኋላው ላለው ነው። ከኋላው ያለው ሰው የሚያምነው ነገር ሲያጣ ጨርቅም ቢሆን ያምናል። ስለዚህ የሚያደርገው ሰው ጨርቁን ችሎ መሸከም አለበት። ከዚህ ያለፈ አልነግራትም። እኔ ራሴ ኋላ የተሰጠኝ ሜዳሊያ አለኝ፤ ለበዓል ተጠርተን ስንሄድ አደርገዋለሁ፤ ሌላ ቀን አላደርገውም። ለምን እንደሆነ የተጠየቅሁ እንደሆነ፣ ቀሚሴን ይጎትተዋል እላለሁ።

እኔ አገልግሎቴን ጨርሼ አዳማ ተመለስኩ። ሄኖክ አልተመለሰም፤ ማለቴ ደህና ነው፣ ሠራዊቱ ውስጥ ቀረ። አክስቴ መጀመሪያ ላይ አኮረፈችው። «ከሞት አውጥታ ያመጣችህ ልጅ እቤቷ ገብታለች፤ አንተ ምን ቀረህ?» ትለው ነበር በስልክ። እሱ፣ «ትንሽ ነው፣ እማዬ፤ ትንሽ ነው» ይላታል። ትንሹ ብዙ ዓመት ሆነ። አሁን እሱም ማዕረጉ ከፍ ብሏል፤ ጺሙ ላይ ሽበት አለ። ምልክት እንዲደረግ ሲታዘዝ ደግሞ ከሚያደርጉት የመጀመሪያው እሱ ነው። ቤት ሲመጣ ደረቱ ላይ አየሁና ሽሮ አቀረብኩለት። ሽሮውን በልቶ ተኛ።

ስለ ሥራው አይነግረንም። የነገረን ከሱ ክፍል ለእረፍት የመጣ አንድ ልጅ ነው፣ ዕቃ አድርስ ብሎት። አክስቴ ሻይ አቅርባለት ስለ ልጇ ስትጠይቀው እንዲህ አለ። አዲስ ተተኪ በደረሰ ቁጥር ሄኖክ ነባሮቹን ሁሉ ጃኬታቸውን አስወልቆ በካናቴራ ያሰልፋቸዋል። ብርድ ቢሆንም ያሰልፋቸዋል። ወጥ ሠሪውም፣ ሾፌሩም አብረው ይሰለፋሉ። አዲሶቹ አንድ በአንድ እየመጡ የእያንዳንዱን ፊት ያያሉ፤ ስሙን ይጠይቃሉ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ የሚመልስበትን ድምፅ ይሰማሉ። መጨረሻ ላይ ሄኖክ አዲሶቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራቸውና ከነባሮቹ አንዱን ያናግረዋል። «ማን ነው?» ይላቸዋል። ካላወቁ እንደገና ይጀመራል። ካወቁ በኋላ ነባሮቹን «ልበሱ» ይላቸዋል፤ ጃኬታቸውን ከነምልክቱ ይለብሳሉ፤ ከዚያ ራት ይበላል።